ቀበቶው ሳይበጠስ ጭነቱ ለምን ይንሸራተታል? ራሱን የሚጠቀልል ራቼት በተሳቢ ላይ

ከቃሊቲና ከገላን መጋዘኖች ዕቃ አንስቶ ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ለሚያደርስ ሰው ስለ ገመድ አይነገረውም። ረዳቱ ስፖንዳ ላይ ወጥቶ፣ እግሩን ጭነቱ ላይ ተክሎ ሲጎትትና ሲቋጥር ማየት የየዕለት ነገር ነው። አሁን አሁን ግን በፒካፕ በሚጎተቱ ትንንሽ ተሳቢዎች ላይ ራሱን የሚጠቀልል ራቼት፣ ማለትም በእጀታ የሚጠብቅ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ፣ እየተለመደ መጥቷል። የቀበቶው ጨርቅ በራቼቱ ቤት ውስጥ በሞላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ቁልፉን ተጭኖ መሳብ፣ መንጠቆውን ማያያዝ፣ እጀታውን ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማለት ብቻ ነው። በንፋስ የሚንዘላዘል ጫፍ የለም፤ ጎማ ሥር የሚገባ ትርፍ ጨርቅ የለም፤ ዝናብ ላይ ቆሞ የተወሳሰበ ቋጠሮ መፍታት የለም።

እፎይታው እውነተኛ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ይህን ቅልጥፍና እንደ ጉልበት ሲቆጥረው ነው። ራሱን መጠቅለሉ የሚያቀልልን ትርፍ ጨርቅ መሰብሰቡን እንጂ ጭነት መያዙን አይደለም። በዚህ አካባቢ ሲንሸራተቱ ያየኋቸው ጭነቶች አብዛኞቹ ቀበቷቸው አልተበጠሰም። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ይይዛል፣ ጄኔሬተሩ ወደ ፊት ሄዶ የፊቱን ስፖንዳ ያጎብጠዋል፣ ቀበቶው ግን ላላ ብሎ እዚያው እንደታሰረ ይገኛል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከግዢው እንጀምር።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ከዋጋው በፊት ጨርቁ ላይ የተሰፋውን መለያ አንብቡ። መለያ የሌለውን፣ ምንም ያህል ወፍራም ቢመስል፣ ተዉት። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራው ላይ ሦስት ነገሮች ታገኛላችሁ። ኤልሲ (LC) የሚለው ቀበቶው በሥራ ላይ የሚችለው ጭነት ነው። ኤስኤችኤፍ (SHF) እጀታውን የምትስቡበት የእጅ ኃይል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 50 ተብሎ ይጻፋል። ኤስቲኤፍ (STF) ደግሞ በዚያ የእጅ ኃይል ከሳባችሁ በኋላ ጨርቁ ውስጥ የሚቀረው ውጥረት ነው። ቁጥሮቹ በዴካኒውተን ናቸው፤ አንድ ዴካኒውተንን አንድ ኪሎ ብላችሁ ብታስቡት ለእኛ ሥራ በቂ ነው። የመለያው ቀለምም ይናገራል፤ ሰማያዊ ፖሊስተር፣ አረንጓዴ ናይለን፣ ቡናማ ፖሊፕሮፒሊን ነው።

በአሜሪካ ደረጃ የተሠራ ከሆነ ወጥመዱ ካርቶኑ ላይ ነው። በትልቁ የሚጻፈው የመበጠሻ አቅሙ ነው፤ የሥራ አቅሙ የዚያ ሲሶ ብቻ ነው። ባለ 1 ኢንቹ ራሱን የሚጠቀልል ራቼት ብዙ ጊዜ 1500 ፓውንድ ይላል፤ የምትሠሩበት ግን 500 ፓውንድ፣ ማለትም 227 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ለፍሪጅ፣ ለአልጋ፣ ለባዶ ሮቶ ይሆናል። ለጄኔሬተር አይሆንም። ባለ 50 ሚሊሜትሩ ሌላ ደረጃ ነው፤ የተለመደው ኤልሲ 2500 ነው። ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ተጠቅልለው ሲቀመጡ የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነው ችግሩ።

ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ጨርቁን እስከ መጨረሻው ሳቡት። መሃል ላይ ከያዘ ወይም ሲመለስ ከደከመ ሞላው ገና በአዲስነቱ ደካማ ነው፤ ሰኔ ሲመጣ ጭራሽ አይሠራም። እጀታውን ስትመልሱ እያንዳንዱ ጥርስ በግልጽ «ቀጭ» ማለት አለበት። ርዝመቱንም ለኩ፤ እነዚህ ራቼቶች አጭር ናቸው፣ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 ሜትር ብቻ ነው የሚወጡት። ከተሳቢው አንድ ጎን ተነስቶ በጭነቱ ላይ አልፎ ማዶ ካልደረሰ በገመድ ልትቀጥሉት ነው፤ ያኔ አቅሙ የገመዱ አቅም ሆነ ማለት ነው።

ከተሳቢው ጋር በቡሎን የሚታሰረውን ዓይነት ከመረጣችሁ ቡሎኑ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የተጻፈበት፣ ውፍረቱም የራቼቱን ቀዳዳ የሚሞላ ይሁን። ላሜራ ላይ ብቻ አትሰሩት፤ ከጀርባው 5 ወይም 6 ሚሊሜትር የሆነ ብረት ደግፉለት፣ ሰፊ ሮንዴላና የማይፈታ ዳዶ አስገቡበት። ብየዳ ካስፈለገ መጀመሪያ ማያያዣው ብረት ይበየድ፣ ሲቀዘቅዝ ራቼቱ ይታሰር። የብየዳ ፍንጣሪ ፖሊስተርን ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ ትቶበት ያቀልጠዋል፤ በኋላ የሚበጠሰው በዚያ ነጥብ ነው። በማዶ በኩል መንጠቆው የሚገባበትን ቀለበትም ተመልከቱ። ከቀጭን ፌሮ ታጥፎ በሁለት ነጥብ የተበየደ ቀለበት 2500 የሚችል ቀበቶ ብትሰጡት ቀድሞ የሚነቀለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጭነቱ። ከላይ የሚያልፍ ቀበቶ ጭነቱን ወደ ኋላ አይጎትተውም፤ ወደ ታች ብቻ ነው የሚጫነው። ጭነቱን ቦታው ላይ የሚያቆየው ከወለሉ ጋር ያለው ፍትጊያ ነው። የአውሮፓው የጭነት አስተሳሰር ደረጃ፣ ኢኤን 12195፣ ጭነት በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ ወደ ፊት የሚገፋበትን ኃይል የክብደቱ 0.8 አድርጎ ያሰላል፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 0.5። በዚህ አስሉት። 1000 ኪሎ ጄኔሬተር በብረት እግሩ ባዶ ላሜራ ላይ ቆሟል እንበል፤ ፍትጊያው 0.2 ገደማ ነው። የሚገፋው 800 ኪሎ፣ ወለሉ የሚይዘው 200። የጎደለውን 600 በወለሉ ፍትጊያ ለማግኘት 3000 ኪሎ ተጨማሪ ወደ ታች መጫን አለባችሁ። ኤስቲኤፍ 300 የሆነ አንድ ጥሩ ቀበቶ በሁለቱ ጎኖቹ ቢበዛ 600 ይጫናል። አምስት ቀበቶ! የደረጃውን 1.25 መጠባበቂያ ስትጨምሩበት ሰባት። ማን ነው ለአንድ ጄኔሬተር ሰባት ቀበቶ የሚያስረው?

ያንኑ ጄኔሬተር ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ ላይ አቁሙት። ፍትጊያው 0.6 ይሆናል። ወለሉ ብቻውን 600 ያዘ፤ የጎደለው 200 ነው፣ ለዚያም 333 ኪሎ ወደ ታች መጫን ይበቃል። በቁጥሩ አንድ ቀበቶ ነው፤ እናንተ ግን መቼም ከሁለት በታች አትሰሩ፣ ጭነቱ በአንድ ቀበቶ ዙሪያ ይሽከረከራልና። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክም ከባዶ ላሜራ በብዙ ይሻላል፤ ግን 0.6 ብላችሁ አታስሉት። ምንጣፉም የሚሠራው ንጹህና ደረቅ ሲሆን ነው። ወለሉ ላይ የቀረ አሸዋ፣ የፈሰሰ ናፍጣ ወይም የክረምት ጭቃ ካለ ይህ ሁሉ ሂሳብ ይፈርሳል። ስለዚህ ከመጫን በፊት የመጀመሪያው መሣሪያ መጥረጊያ ነው።

ሁለተኛው ሞራሌ ነው። ጭነቱ ከፊት ስፖንዳው ጋር የማይገናኝ ከሆነ ከፊቱ ሞራሌ አጋድሙና ወለሉ ላይ በቡሎን እሰሩት። ይህ አንድ እንጨት ወደ ፊት ለሚደረግ ግፊት ከብዙ ቀበቶ ይበልጣል፣ ዋጋውም አይወዳደርም። አብዛኛው ክብደት፣ 60 በመቶ ገደማ፣ ከአክሱሉ ፊት ይሁን፤ በመጎተቻው ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ተሳቢው ጅራቱን አያወዛውዝም።

የቀበቶው አቅጣጫም አለ። ከወለሉ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ውጥረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ይሠራል። በ60 ዲግሪ 87 በመቶው፣ በ45 ዲግሪ 70 በመቶ ገደማ፣ በ30 ዲግሪ ግማሹ ብቻ ይቀራል። ራቼቱ ተሳቢው ጠርዝ ላይ በቡሎን ከታሰረ፣ ጭነቱ ደግሞ ጠባብና ዝቅ ያለ ከሆነ፣ እንደ እብነበረድ ወይም የተደረደረ ሴራሚክ፣ ቀበቶው ተጋድሞ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ሲሆን ጭነቱ ላይ ሁለት ሞራሌ ጫኑና ቀበቶውን በእነሱ ላይ አሳልፉት፤ ማዕዘኑ ይነሳል፣ ጠርዙም ይጠበቃል። ሹል ጠርዝ ባለበት ሁሉ ከቀበቶው ሥር የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም የጎማ የውስጥ ላስቲክ አስገቡ። የተወጠረ ፖሊስተር በላሜራ ጠርዝ ላይ ከተንቀሳቀሰ እንደ ክር ነው የሚቆረጠው።

ማጥበቁ ላይ ራሱን የሚጠቀልለው ራቼት አንድ የተለየ ጠባይ አለው፤ ተጠቃሚውን ከሁሉ በላይ የሚያታልለውም ይህ ነው። በተራው ራቼት ዘንግ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ብቻ ይጠቀለላል፣ ያም በእጃችሁ ተስቦ ነው። በዚህኛው ግን ያልወጣው ጨርቅ ሁሉ በሞላው ደካማ ጉልበት፣ ለስለስ ብሎ፣ ተደራርቦ ተጠቅልሏል። እጀታውን ስትስቡ የላይኛው ዙር ይጠብቃል፤ ሥሩ ያለው ግን ልል ነው። ከዚያ ኮብልስቶን ላይ ትወጣላችሁ። መንገጫገጩ የውስጠኛውን ዙር እርስ በርሱ ያስገባዋል፣ ጥቅሉ ይጠባል፣ ትርፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ሲታሰር እንደ ክራር ይጮህ የነበረ ቀበቶ ዋናው አስፋልት ሳይደርስ ይረግባል። ራቼቱ አልተበላሸም፤ ጥርሱም አልዘለለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ጨርቁን ከሚያስፈልገው በላይ ሳቡና እየያዛችሁት፣ እየተቃወማችሁት፣ ቀስ ብሎ እንዲመለስ አድርጉ፤ በውጥረት ሲጠቀለል ዙሩ ጠበቅ ይላል። ከዚያ መንጠቆውን ያዙ፣ በእጃችሁ የቻላችሁትን ያህል ልልነቱን አውጡ፣ በመጨረሻ እጀታውን ወዲያና ወዲህ እያላችሁ አጥብቁ። ሁለተኛ፣ ከሰፈር ወጥታችሁ ዋናው መንገድ እንደደረሳችሁ ቁሙና ድገሙት። ያቺን የመጀመሪያ ድጋሚ ማጥበቅ በፍጹም አትዝለሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለውጥ ትንሽ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር፦ ቤቱ ውስጥ የቀረው ጨርቅ በበዛ ቁጥር ጥቅሉ ይወፍራል፣ ጥቅሉ በወፈረ ቁጥር በአንድ ዓይነት የእጅ ጉልበት የምታገኙት ውጥረት ይቀንሳል። 3 ሜትር የሚወጣውን ራቼት 1 ሜትር ብቻ አውጥታችሁ ብትጠቀሙበት መለያው ላይ ያለውን ኤስቲኤፍ አታገኙም። ለአጭር ጭነት አጭር ቀበቶ ያዙ። በተቃራኒው ደግሞ እስከ ዘንጉ ድረስ አውጥታችሁ አትሰሩ፤ ሁለት ዙር ያህል ይቅር፣ አለዚያ ኃይሉ ሁሉ በስፌቱ ላይ ያርፋል። ውጥረት ያነሰ ሲመስላችሁ እጀታው ላይ ቧንቧ አታስገቡ። ጥርሱ የተሠራው ለእጅ ነው፤ በቧንቧ የተሳበ ራቼት ሲለቅ ቧንቧው ወደ ፊታችሁ ነው የሚመጣው። የጎደለውን በሌላ ቀበቶ ሙሉት።

ጨርቁ ሲወጣ እንዳይጠመዘዝ ተጠንቀቁ። ለተራው ረጅም ቀበቶ በንፋስ እንዳይርገበገብ ግማሽ ዙር ማጠፍ የታወቀ ዘዴ ነው። በዚህኛው ግን ማጠፊያውን ሳትፈቱ ከለቀቃችሁት ታጥፎ ቤቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ፈታታችሁ ነው የምታወጡት። ቋጠሮ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ የተቋጠረ ጨርቅ ግማሽ ገደማ አቅሙን ያጣል።

ስለ ጭነቱ ዓይነት ጥቂት ልበል። ሮቶ ቀላል ነው፤ ጠላቱ ንፋስ ነው፣ በተለይ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ፈጣኑ መንገድ ሲገባ። አጥብቃችሁ ብታስሩት ፕላስቲኩ ይጎብጣል፤ ቀን በፀሐይ ሲለሰልስ የበለጠ ይገባል፣ ቀበቶውም ይላላል። ጎኑ ላይ አጋድሙት፣ በሁለት ወገን ሞራሌ ሸጉጡለት፣ ቀበቶውን በመጠኑ ወጥሩ። ፍሪጅ ቆሞ ይጫን፣ ከፊት ስፖንዳው ተደግፎ፣ አንዱ ቀበቶ ከወገቡ በላይ ሌላው ከወገቡ በታች፤ ከበሩ ላይ ካርቶን። ሞተር ሳይክል አራት ቀበቶ ይፈልጋል፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ እየተከፈቱ ወደ ጎን። የፊቱን ሹካ ግማሽ ያህል ብቻ አስሰምጡ፤ እስከ መጨረሻ ካስሰመጣችሁት ጉድጓድ ሲመታ የሚቀበለው ቀበቶው ይሆናል። ራሱን የሚጠቀልለው ራቼት ከሁሉ በላይ የሚያምርበት ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ አጭር ርቀት፣ ቀላል ክብደት፣ ቀጥታ መጎተት።

ፌሮ ላይ አትጠቀሙበት። ፌሮ እርስ በርሱ ይንሸራተታል፣ ጥርሱ ጨርቅ ይቆርጣል፣ ወደ ፊት ሲሄድ የሾፌሩ ጀርባ ነው የሚገጥመው። ሰንሰለትና ጠንካራ የፊት ስፖንዳ ነው ሥራው።

ሲሚንቶ ደግሞ በሁለት መንገድ ይጎዳችኋል። ከረጢቱ በመንገድ ላይ ስለሚጠቀጠቅ ቀበቶው ይላላል፤ ይህን ደጋግሞ በማጥበቅ ትወጡታላችሁ። ሁለተኛው አይታይም። ሲሚንቶ ውኃ ሲነካው አልካሊ ይሆናል፣ ፖሊስተርን የሚበላው ደግሞ አልካሊ ነው። አቧራው ጨርቁ ላይ እንዳለ ተጠቅልሎ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ከከረመ ቀበቶው መልኩ ሳይለወጥ ይደክማል። ሲሚንቶ ካወረዳችሁ በኋላ በብዙ ንጹህ ውኃ እጠቡት። ባትሪ የምታመላልሱ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሲድ የሚበላው ናይለንን ነው። ናይለን በዝናብ ሲርስ ይለጠጣል ደግሞ፤ ለሐምሌና ለነሐሴ ፖሊስተሩ ይሻላል።

ስታወርዱ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጭነቱን ዞሩት፤ ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ቀበቶውን የተደገፈ ከሆነ ስትፈቱት እናንተ ላይ ነው የሚመጣው። ራቼቱን የምትፈቱት ጭነቱ በማያዘነብልበት በኩል ቆማችሁ ይሁን። መንጠቆውን ካላቀቃችሁ በኋላ ቁልፉን ተጭናችሁ አትልቀቁት። ሞላው ሦስት ሜትር ጨርቅ ከነመንጠቆው በአንድ ጊዜ ይስበዋል፤ የሰው ጥርስ፣ የመኪና መስታወት፣ አጠገብ የቆመ ሕፃን አይለይም። በአንድ እጅ ጨርቁን ይዛችሁ፣ በሌላው እጅ በቁራጭ ጨርቅ እየጠረጋችሁ አስገቡት። ጭቃ ይዞ የገባ ቀበቶ ቤቱ ውስጥ አሸዋ ይሆናል፤ ሞላውን ያስይዛል፣ የጨርቁንም ክር ይፍቃል። ዝናብ ላይ ከዋለ ማታ ሙሉውን አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት፣ ሲደርቅ መልሱት። የከፍታችን ፀሐይም ጨርቅ ስለሚያደክም ተሳቢው ላይ በቋሚነት የታሰረውን በሸራ ሸፍኑት።

ጥርሱን ትንሽ ዘይት ይበቃዋል፤ ግራሶ አትቀቡት፣ አቧራ ይሰበስባል። ጨርቁን ማንኛውም ቅባት አይንካው።

በየጊዜው ሙሉውን አውጡና በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ እዩት። ጠርዙ ላይ ከስፋቱ አንድ አሥረኛ በላይ የሆነ ቁራጭ፣ የቀለጠ ወይም የደረቀ ቦታ፣ የተተረተረ ስፌት፣ አፉ የተከፈተ መንጠቆ፣ የጠፋ መለያ ካገኛችሁ ያ ቀበቶ ሥራውን ጨርሷል። ወደ መጋዘኑ ጥግ አትጣሉት፤ ረዳቱ በቸኮለ ቀን አንስቶ ያስርበታል። ጨርቁን መሃል ለመሃል ቁረጡት፣ ቡሎኑንና ሮንዴላውን ለሚቀጥለው አስቀሩ።